በጥላቻ የተፈጸመ ወንጀል ከሌላው የበለጠ ይቀጣ?

አስተናባሪ፦ የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን ይህ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት ተደበደቡ እንበል። የሁለቱም ክንድ ተሰብሯል፤ የሐኪም ማስረጃቸውም አንድ ዓይነት ነው። አንደኛውን የደበደቡት ስልኩን ሊቀሙት ነው። ሁለተኛውን ግን ሃይማኖቱን ጠይቀው፣ መልሱን ከሰሙ በኋላ ነው የደበደቡት። የሁለተኛው ደብዳቢዎች ተጨማሪ ዓመት ይታሰሩ ወይስ አይታሰሩ? ስለ ጥላቻ ንግግር ሌላ ጊዜ እንከራከራለን፤ የዛሬው ጉዳይ በማንኛውም ሕግ ወንጀል ስለሆነ ድርጊት ነው። የሚሳደብ ሰው አስተያየቱ ይነሳል።

ሚዛን፦ አይታሰሩ። ስልኩን የተቀማው ሰው ችሎት ፊት ቆሞ «የአንተ ስብራት አምስት ዓመት ያስቀጣል፣ የእሱ ግን ሰባት» ቢባል ምን ይሰማዋል? በሕግ ፊት እኩልነት ለተከሳሽ ብቻ አይደለም፤ ለተበዳይም ነው። ደግሞስ ሰው ጎረቤቱን እስከ ዕለተ ሞቱ ሊጠላው ይችላል። ክፋት ነው፣ ወንጀል ግን አይደለም። ለብቻው ወንጀል ያልሆነ ነገር ከወንጀል ጋር ሲደመር ከየት አምጥቶ ዓመት ይጨምራል?

ጡረተኛው ጠበቃ፦ ሚዛን፣ አነጋገርህ ያምራል፤ ነገር ግን የወንጀል ሕግ የሰው ልብ ውስጥ የማይገባበት ቀን የለም። አድብቶ የገደለ፣ በድንገተኛ ንዴት የገደለና በቸልተኝነት የገደለ እኩል አይቀጡም፤ ሟቹ ግን በሦስቱም ያው ሟች ነው። «ይህ ድርጊቱን አስቦ ስለመፈጸም እንጂ ስለ መነሻ ምክንያት አይደለም» ልትለኝ እንደተዘጋጀህ አውቃለሁ። የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያነሣት ነጥብ ናት። እንግዲያው በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕጋችንን ግለጥ። አንቀጽ 82 አጥፊው የግል ጥቅም በሌለበትና በተከበረ ምክንያት ተነሣሥቶ ከሆነ ቅጣቱን ያቀልለታል። አንቀጽ 84 ደግሞ ምቀኝነትን፣ ጥላቻንና ስግብግብነትን የመሰለ መጥፎ ምክንያት ቅጣትን እንደሚያከብድ ይደነግጋል። የታመመ ልጁን ለማሳከም የሰረቀ አባት ሲቀርብ ዳኛው «ለምን ሰረቅህ?» እንዲለው ሁላችንም እንፈልጋለን። ለማቅለል ሲሆን ልብ ውስጥ ይግቡ፣ ለማክበድ ሲሆን ከደጅ ይቁሙ ማለት ግን አያስኬድም።

የሐሳብ ነፃነትን በሚመለከት አንድ መዝገብ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ኬኖሻ በምትባል ከተማ፣ ጥቂት ጥቁር ወጣቶች ስለ አንድ ፊልም ያወራሉ። በፊልሙ ውስጥ አንድ ነጭ ሰው በጸሎት ላይ ያለ ጥቁር ልጅ ሲደበድብ ይታያል። ከወጣቶቹ አንዱ ነጮችን ለማጥቃት ስሜታቸው ተነሣሥቶ እንደሆነ ጓደኞቹን ይጠይቃል። ወዲያው አንድ የ14 ዓመት ነጭ ልጅ በመንገዱ ማዶ ሲያልፍ ያይና ይጠቁማቸዋል። ሮጠው ደበደቡት፤ ጫማውንም ወሰዱበት። ልጁ አራት ቀን ራሱን ስቶ ተኛ። የድብደባው ከፍተኛ ቅጣት ሁለት ዓመት ነበር። ተበዳዩ የተመረጠው በዘሩ ስለሆነ ጣሪያው ወደ ሰባት ከፍ አለና ጠቋሚው አራት ዓመት ተፈረደበት። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሐሳብን መቅጣት ነው ብሎ ሻረው፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1993 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ የግዛቱን ውሳኔ ገለበጡት። ልብ በሉ፣ ይኸው ፍርድ ቤት ከአንድ ዓመት በፊት መስቀል ማቃጠልንና የመሳሰሉ የጥላቻ ምልክቶችን የሚከለክል የሴንት ፖል ከተማ ደንብ ሽሮ ነበር። ያኛው መልእክትን ቀጣ፤ ይኼኛው የቀጣው ሰው መርጦ መደብደብን ነው።

ሚዛን፦ ጋሼ፣ አክብሬዎታለሁ፤ ግን አንቀጽ 84 ለእርስዎ ሳይሆን ለእኔ ይመሰክራል። እዚያ የተጻፈው ጥላቻ ማንኛውም ጥላቻ ነው፤ በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች ጥላቻም ይገባበታል። ዳኛው ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ይመዝነዋል፣ አለቀ። እዚህ የምንከራከረው የተበዳዩን ወገን ቆጥሮ የቅጣቱን ጣሪያ ስለሚያነሣ ልዩ ሕግ ነው። ታዲያ ዝርዝሩን ማን ይጽፈዋል? ዘር ይግባ፣ ሃይማኖት ይግባ። የፖለቲካ አመለካከትስ? ድህነትስ? መንገድ ላይ የሚያድር ሰው በዚያው ምክንያት ብቻ ይደበደባል፤ ከብዙ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ግን አይገኝም። ዝርዝሩን እንተወው ካላችሁም የአሜሪካን የጆርጂያ ግዛት እዩ፦ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው ሕግ ማንኛውንም አድልዎና ጭፍን ጥላቻ በደፈናው የሚቀጣ ስለነበር የራሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 ግልጽነት ይጎድለዋል ብሎ ሻረው። ብትዘረዝር ታዳላለህ፤ ባትዘረዝር አይገባህም።

ደግሞ የኬኖሻውን ተከሳሽ አስተውሉ። ጥቁር ወጣት ነው። አናሳዎችን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ሲባል ከርሞ ስሙን ይዞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው እሱ ነው። ሕግ ሥልጣን በያዘ እጅ እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

ሰምና ወርቅ፦ የተደበደበው እኮ የ14 ዓመት ልጅ ነው! ሕጉ ለእሱም ሠራለት። ይህን እንደ ጉድለት ማቅረብህ ይገርመኛል።

ወደ ሁለቱ ክንዶች ልመለስ። ስልኩን የተቀማው ሰው በማግስቱ ስልኩን ደብቆ፣ መንገድ ቀይሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ምኑን ይደብቃል? ስሙን? ነገሩን የሰማ የእምነቱ ተከታይ ሁሉ ነገ በእኔ ብሎ ያድራል፤ ደብዳቢዎቹም የፈለጉት ይህንኑ ነው። ትልልቆቹን ወንጀሎች ተዉአቸው። አዲስ የገባ ቤተሰብ መስኮት ላይ በሌሊት ድንጋይ ይወረወራል። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «ንብረት ማውደም፣ አንድ መስታወት» ነው። እናትየዋ ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የልጆቹን አልጋ ከመስኮቱ አርቃ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠግታለች። በሳምንቱ ጎረቤት ያለው ሌላ ቤተሰብ ቤት መፈለግ ይጀምራል። ይህን ጉዳት በመስታወት ዋጋ የሚተምን ፍርድ ቤት ምን ሊለን ነው? ስለ ዝርዝሩ ደግሞ፣ የካናዳ የወንጀል ሕግ ዘርንና ሃይማኖትን የመሳሰሉትን ከዘረዘረ በኋላ «ሌላ ተመሳሳይ ምክንያት» የሚል በር ክፍት ይተዋል። መንገድ ላይ የሚያድረውም በዚያ በር ሊገባ ይችላል።

ጠይቄ ልለፍ፦ አልደግፍም አልቃወምም። ሁለት አሽከርካሪዎች መኪናቸው ተነካክቶ ይጣላሉ። አንዱ ቡጢ ሲሰነዝር የሌላውን ብሔር ጠርቶ ይሳደባል። ይህ የጥላቻ ወንጀል ነው?

ጡረተኛው ጠበቃ፦ በስድቡ ብቻ አይደለም። ጠቡን የወለደው መኪናው ነው። ማስረጃ የምንለው ሌላ ነው፦ ተከሳሹ ከድርጊቱ በፊት የጻፈውና የተናገረው፣ ተበዳዩን ከሌሎች መካከል ለይቶ መምረጡ፣ በመካከላቸው የቆየ ቂም ወይም የተወሰደ ንብረት አለመኖሩ። ማስረጃው ላላ ሲል ምን እንደሚመጣ የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ ሰው ነጮች ብቻ ይኖሩበት ወደነበረ ሰፈር የገባ ጥቁር ቤተሰብ ቤት ላይ ተኮሰ፤ መተኮሱንም አመነ። ላመነበት ክስ ጣሪያው 10 ዓመት ነበር። ዳኛው ብቻቸውን፣ ያውም ሚዛን የደፋ ማስረጃ ይበቃኛል በሚል መለኪያ፣ መነሻው ዘር ነው ብለው 12 አደረጉት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2000፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ጣሪያውን የሚያነሣ ፍሬ ነገር እንደማንኛውም የክስ ነጥብ ከተራ ዜጎች በተውጣጣ የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) ፊት ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት አለ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ጥላቻውን ክሱ ላይ ጻፈው፤ ከዚያ አስረዳ። ካላስረዳህ ሰውየው በተራው አንቀጽ ይቀጣ።

ሚዛን፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ውጤት? እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ጃስፐር ከተማ አጠገብ፣ ጄምስ በርድ የሚባል ጥቁር ሰው በሦስት ነጮች ከመኪና ኋላ ታስሮ ተጎትቶ ሞተ። ከዚህ የከፋ የጥላቻ ወንጀል አላውቅም። ሁለቱ በሞት ተቀጡ፣ ሦስተኛው ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ያንን ፍርድ ያመጣው ተራው የግድያ አንቀጽ ነው። በስሙ የተጠሩት የጥላቻ ወንጀል ሕጎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ የቴክሳሱ በ2001፣ የፌዴራሉ በ2009። እና ደግሞ ወንጀለኛን የሚያስፈራው የዓመት ብዛት ሳይሆን የመያዝ ዕድሉ መሆኑን የወንጀል ጥናት ባለሙያዎች ሲናገሩ ኖረዋል። በጥላቻ የሰከረ ሰው አንቀጽ አገላብጦ አይወጣም።

የቀድሞ መርማሪ፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም የምትነጋገሩት ስለ ወንጀለኛው ነው። እኔ ስለ እኛ፣ ስለ መርማሪዎች ላውራ።

ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2007 ባለው ጊዜ አንድ ትንሽ የናዚ ቡድን አሥር ሰው ገደለ። ዘጠኙ የቱርክና የግሪክ ዝርያ ያላቸው፣ አብዛኞቹ በትንንሽ ሱቆች ሲሠሩ የተገደሉ ናቸው፤ አሥረኛዋ ፖሊስ ነበረች። በእነዚያ ዓመታት ፖሊስ ምን ያደርግ ነበር? የሟቾችን ሚስቶችና ልጆች አስቀምጦ ባላችሁ ዕፅ ይነግድ ነበር ወይ፣ ከማፊያ ጋር ዕዳ ነበረበት ወይ፣ ሌላ ሴት ነበረችው ወይ እያለ ይመረምር ነበር። አንድ ዓይነት ሽጉጥ በየከተማው ሰው ሲገድል፣ የሟቾቹ ዝርያ ጭምር እየታየ፣ መነሻው ዘረኝነት ይሆን የሚለው ጥያቄ ወደ ጎን ተገፋ። እውነቱ የወጣው በ2011 ነው፤ እሱም ከገዳዮቹ ሁለቱ ባንክ ዘርፈው ሲሸሹ ሞተው በመገኘታቸው። ከዚያ በኋላ በ2015 ጀርመን በወንጀል ሕጓ አንቀጽ 46 ላይ ዘረኛና የውጭ ዜጋ ጠል መነሻዎች በቅጣት ጊዜ እንዲታዩ በግልጽ ጨመረች። ዳኞች ድሮም መነሻን ማየት ይችሉ ነበር። የማሻሻያው አንዱ ዓላማ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው እንዲጠይቁ ማስገደድ ነበር።

እንግሊዝም እንዲሁ። ስቲቨን ሎረንስ የተባለው ጥቁር ወጣት በ1993 ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ሲጠብቅ ተወግቶ ተገደለ። ሁለት ሰዎች ጥፋተኛ የተባሉት በ2012 ነው። የፖሊስን አሠራር የፈተሸውና በ1999 የወጣው የማክፈርሰን ሪፖርት የግድያው ምርመራ በተቋማዊ ዘረኝነት ጭምር መበላሸቱን ጻፈ። ሚዛን ያለው እውነት ነው፣ የመያዝ ዕድል ይበልጣል። የመያዝ ዕድል ግን ከየት ይመጣል? ከሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ሚዛን፦ ይህ ጥሩ ነጥብ ነው፤ ግን ለምዝገባ እንጂ ለእስር ዓመት አይከራከርም። ፖሊስ መነሻውን እንዲጠይቅና መዝገብ ላይ እንዲጽፍ በመመሪያ አስገድዱት። ያልጠየቀ መርማሪ ይቀጣ። ለመርማሪው ስንፍና ተከሳሹ ለምን ሁለት ዓመት ይጨመርበት?

የቀድሞ መርማሪ፦ መመሪያ ስንት አየን። ጠረጴዛዬ ላይ ሠላሳ መዝገብ ተከምሮ ዐቃቤ ሕጉ የሚጠይቀኝ ክሱን የሚያስረዳውን ብቻ ነው። ፍርዱን የማይለውጥ ጥያቄ አይጠየቅም። ቅጹ ላይ «መነሻ፦ ያልታወቀ» ተብሎ ይሞላና ያልፋል።

ሰምና ወርቅ፦ በርድን ያነሣኸው ለግድያ ነው፤ እዚያ ጣሪያው ራሱ ከባድ ስለሆነ ማክበጃ ላያስፈልግ ይችላል። ታች ያሉት ግን? በእንግሊዝ ተራ ድብደባ ጣሪያው ስድስት ወር ነው። የ1998ቱ ሕግ መነሻው ዘር ሲሆን ሁለት ዓመት አደረገው። ሕጉ ክብደት ያለው በትንንሾቹ ላይ ነው፤ ዳኛው ነገሩን ተረድቶት እንኳ እጁ የሚታሰርባቸው ላይ።

ሚዛን፦ እጁ ከታሰረ የተራ ድብደባን ጣሪያ ለሁሉም አንሡለት።

ሰምና ወርቅ፦ ለሁሉም! መጠጥ ቤት ተጣልቶ በጥፊ የተማታው ሰውም ሁለት ዓመት ይጠብቀው ማለት ነው? ለተበዳይ እኩልነት ስትከራከር ቆይተህ የማይመለከተውን ሰው ወደ እስር ቤት ልትሰድ ነው።

ጠይቄ ልለፍ፦ እዚህ ላይ ሚዛን ይመልስልኝ። ጣሪያው ካልተነሣ፣ ልዩ አንቀጽም ካልመጣ፣ መስኮቱ ለተሰበረባት እናት ምን ቀረላት?

ሚዛን፦ የንብረት ማውደም አንቀጽ ከነሙሉ ጣሪያው፣ መነሻውን በአንቀጽ 84 የሚመዝን ዳኛ፣ ካሳ፣ እና ሥራውን የሚሠራ ፖሊስ። ያንስባታል፤ አልክድም። ቢሆንም ለአንዷ እናት ተብሎ የሚከፈተው አንቀጽ በማን ላይ እንደሚሠራ እኔ አልመርጥም፤ እሷም አትመርጥም። ስለዚህ ማነሱን እመርጣለሁ።

ጡረተኛው ጠበቃ፦ እኔ አልመርጥም። መነሻው በክሱ ላይ ከተጻፈና ከጥርጣሬ በላይ ከተረጋገጠ፣ ተከሳሹ የሚፈራው ባዶ አንቀጽ የለም። የአንቀጽ አጠቃቀም ያሰጋኛል ካልክ ግድያን፣ ስርቆትንም ስለ ዐቃቤ ሕግ ፈርተህ ልትሰርዝ ነው። ነገ ችሎት ያለባችሁ ሂዱና ተኙ፤ እኔ ጡረተኛ ስለሆንኩ እስከ ንጋት እመልሳለሁ።