«ቸልተኛ ታካሚ» የምትሉት ማንን ነው?

የዘጌዋ፦ ትናንት ጠዋት አንድ የጤና ባለሙያ በሬዲዮ ሲናገሩ ሰማሁ። የኛ አካባቢ የግፊትና የስኳር ታካሚዎች መድኃኒት የሚያቋርጡት «በቸልተኝነት» ነው አሉ። በጣም ነው የተናደድኩት። እናቴ የግፊት ታካሚ ናት። ክኒኗን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትይዘው። ባለፈው ቋጠሮውን ስፈታ ማለቅ የነበረበት ክኒን ግማሹ አለ። «ምነው እማ?» ስላት «አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው፣ እንዲበረክትልኝ» አለችኝ። እሷ ናት ቸልተኛ?

ነርስ ከግሽ ዓባይ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ግን እኛም የምናየው አለ። ባለፈው ሳምንት ስትሮክ የመታው ሰው ተሸክመው አመጡልን። 40 ዓመት ቢሆነው ነው። ቤቱ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ነው። ሚስቱን «መድኃኒቱስ?» ብላት «ተሻለኝ ብሎ ከተወው ቆየ» አለችኝ። እሱን ምን ልበለው?

ባጃጅ ነጂው፦ ግፊት ሳያምም እንደሚገድል ማን ነገረው? እኛ የምናውቀው መድኃኒት የወባውን ነው። 3 ቀን ትውጣለህ፣ ትነሳለህ፣ በቃ። ዕድሜ ልክ ዋጥ ሲባል ሰው ግራ ይገባዋል።

ነርስ ከግሽ ዓባይ፦ እንነግራቸዋለን እኮ!

ባጃጅ ነጂው፦ ስንት ደቂቃ? አክስቴን ይዤ ገብቼ አይቻለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረን ተሰልፈን ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። መድኃኒት ቤት ደግሞ ማሸጊያው ላይ «1×2» ብለው ጻፉላት፣ አንድ አንድ በቀን ሁለቴ ለማለት። ፊደል አልቆጠረችም። ሁለቱን አንድ ላይ ጠዋት ስትውጥ ከረመች። ራሷን እያዞራት ጓዳ ውስጥ ወድቃ አገኘናት።

ነርስ ከግሽ ዓባይ፦ ይሄ ያሳዝናል፣ አልክድም። እኔ ክኒን ስሰጥ «እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ብዬ አስደግማለሁ። ሲደግሙልኝ ነው ስህተቱ የሚታየኝ። ግን ለ80 ሰው አንድ ነርስ ሆኜ ሁሉንም ማስደገም አልችልም። ይሄንንም እዩልን።

መምህር ከፋሲሎ፦ ቸልተኝነት የሚለው ቃል ላይ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 በዚሁ ጉዳይ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን እንደታዘዘው የሚወስዱት ባደጉት አገሮች እንኳ በአማካይ 50 በመቶ ናቸው ይላል። እዚያ መድኃኒት አልጠፋ፣ መንገድ አልጠፋ። ታካሚው መደገፍ እንጂ መወቀስ የለበትም ብሎ በግልጽ ጽፏል። ምክንያቱን ሲዘረዝርም ኑሮውን፣ ሕክምና ተቋሙን፣ የበሽታውንና የመድኃኒቱን ጠባይ አንስቷል። ታካሚው ራሱ ከአምስቱ አንዱ ነው።

ነርስ ከግሽ ዓባይ፦ አንዱ ነው ካልክ አለበት ማለት ነው። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

መምህር ከፋሲሎ፦ ሬዲዮው ግን አራቱን ትቶ አንዱን ብቻ ነው የተናገረው። የዘጌዋ የተቆጣችውም ለዚህ ነው።

የደቅ ልጅ፦ እኛ ደሴት ላይ ያለነውን ማንም አያነሳንም። አባቴ የወር መድኃኒት ለመውሰድ ጀልባ ይሳፈራል፣ ከተማ ያድራል፣ በማግስቱ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። የጤና መድን ደብተሩን በእጁ ይዞ! ለኤችአይቪ እኮ ደህና ለሆነ ታካሚ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የ6 ወር በአንዴ መስጠት ተጀምሯል። ለግፊት ለምን አይሆንም?

ነርስ ከግሽ ዓባይ፦ የኤችአይቪው ከውጭ በእርዳታ ገብቶ በነፃ ይሰጣል። የግፊቱን ተቋሙ ገዝቶ ነው። ለወሩም አይበቃን።

የደቅ ልጅ፦ ታዲያ ቸልተኛው አባቴ ነው?

ነርስ ከግሽ ዓባይ፦ አባትህን አላልኩም!

ቀናው፦ ጠበል ጀምሬያለሁ ብለው ክኒን የሚጥሉትስ? ጎረቤቴን በዚህ አጥቻለሁ። እሱንም ሥርዓቱ ነው ልትሉ ነው?

የዘጌዋ፦ ጠበሉን አትንካ። አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይወሰዳሉ ብለው አስተምረዋል። ያ ቃል ብዙ ሰው አትርፏል። ጣሉ ያለው ጠበሉ አይደለም።

ቀናው፦ ጠበሉን መች ነካሁ? እኔም እጠመቃለሁ። ጎረቤቴ ክኒኑን ሲጥል ቄሱም ሐኪሙም አጠገቡ አልነበሩም ነው የምለው።

ባጃጅ ነጂው፦ እሱ ነው እኮ ነገሩ። ማንም አጠገቡ አልነበረም።

የዘጌዋ፦ እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ያቺን ቃል ያነሷት ሰው በዚያው ሬዲዮ ይመልሷት። እናቴ ሰምታታለች። ማታ «እውነትም ቸልተኛ ነኝ እንዴ ልጄ?» ብላ ጠይቃኛለች።

ነርስ ከግሽ ዓባይ፦ እናትሽን አይደለሽም በይልኝ። ግን የ40 ዓመቱ ሰውዬ እስካሁን አልጋ ላይ ነው፣ አፉ አልተፈታም። ምን ልበለው ብዬ ጠይቄ ነበር። ማንም አልመለሰልኝም።