ካርታ ያልወጣላትን ስቱዲዮ እንዴት ልሽጣት?

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ 32 ካሬ የሆነች ስቱዲዮ (ባለ አንድ ክፍል መኖሪያ ቤት) አለችኝ። ጣሪያዋ ከፍ ስለሚል አልጋ የምትይዝ የእንጨት ቆጥ ተሠርቶላታል። መስኮቱ ሲከፈት የሐይቁ ንፋስ ቀጥ ብሎ ይገባል። እወዳታለሁ፤ ግን እናቴን ለማሳከም ገንዘቡ የግድ ያስፈልገኛል።

ደላሎች ሰው አምጥተዋል፤ ያያት ሁሉ ወዷታል። ነገሩ የሚበላሸው ካርታ ሲጠየቅ ነው። ሕንፃው ያለው አንድ ካርታ ነው። እኔ እጅ ያለው ሕንፃውን ሠርቶ ከሸጠልኝ አልሚ ጋር የተፈራረምነው ውልና የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ነው። አንድ ጥሩ ገዢ በባንክ ብድር ሊገዛኝ ነበር፤ ባንኩ የቤቷን የራሷን ካርታ ስለጠየቀ ቀረ። አልሚው «በሂደት ላይ ነው» ይለኛል እንጂ አንድም ወረቀት አላሳየኝም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ሕንፃው በጋራ ሕንፃነት ከተመዘገበ ቤቶቹ ለየብቻ ካርታ እንደሚያገኙ አውቃለሁ። ደላላው ግን ዋጋ ቀንሼ በውል ብቻ እንዳስተላልፍ ይጎተጉተኛል። ይሄ ለገዢውም ጥሩ አይመስለኝም፤ ካርታው ቢቀር ሜዳ ላይ የሚወድቀው እሱ ነው።

ሐዋሳ ላይ ይሄ የገጠማችሁ፣ አልሚው ባይተባበርም የቤት ባለቤቶቹ ተሰባስበን ሕንፃውን ለማስመዝገብ ምን ምን ሰነድ ይዘን፣ የት ነው መሄድ ያለብን?