የሠራኋትን ካምፐር ከሌባ እንዴት ልጠብቃት? ኢንሹራንሱስ?

የሐይቁ ዳር፦
ሰላም ቤተሰብ። ሐዋሳ ነኝ። አሮጌ አይሱዙ ኤን ፒ አር ገዝቼ ካሶኒዋን አስወርጄ በምትኩ ቤት አሠራሁባት። አልጋ አላት፣ ትንሽ ኪችን፣ ፍሪጅ፣ ጣሪያዋ ላይ ሶላር፣ አልጋው ስር ደግሞ የሶላሩ ባትሪዎች። የሰፈር ልጆች "ኮንዶሚኒየሟ መጣች" ነው የሚሉት። ለጊዜው ከቤተሰብ ጋር ላንጋኖና አርባ ምንጭ እንሄድባታለን፣ ወደፊት ግን ለቱሪስት ላከራያት አስቤያለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌባ ነው። ሦስተኛ ወገን የሚባለው መድን ብቻ ነው ያለኝ። ሙሉ ዋስትና ልግባ ብዬ አንድ መድን ድርጅት ሄድኩ። ኢንጂነሩ ሊብሬዋን ገለጥ አድርጎ "ይሄ እኮ የደረቅ ጭነት ነው የሚለው" አለኝና የባዶ አይሱዙ ዋጋ ገምቶ ሰጠኝ። ቤቱ የበላው ብር ከመኪናዋ አይተናነስም እኮ! ነገሩን የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ። ማታስ የት ላቁማት? ጂፒኤስ ይበቃል ወይስ ሌላ ነገር ላስገጥም?

አረቦን፦
ወንድሜ፣ መድን ውስጥ ነው የምሠራው፣ የት እንደሆነ ይቅርና። ኢንጂነሩ ላይ አትፍረድ፣ እሱ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ሦስተኛ ወገን መኪናህ ብትሰረቅ ሰባራ ሳንቲም አይከፍልህም። አዋጅ 799/2005 ግዴታ ያደረገው መኪናህ ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ሄጄ የአካል ለውጡን ሊብሬው ላይ አሰፍራለሁ። አሁን ባለው ወረቀት ብትገባም አረቦንህን (ለመድኑ የምትከፍለውን ብር) የሚቀበልህ አታጣም። ጭቅጭቁ የሚመጣው ካሳ ስትጠይቅ ነው፤ የተመዘገበው የጭነት መኪና፣ የጠፋው ተንቀሳቃሽ ቤት ሲሆን።

ከዚያ ቤቱን ለብቻው ዘርዝረህ ስጣቸው። ብረቱ፣ የብየዳው የእጅ ዋጋ፣ ሶላሩ፣ ባትሪው፣ ፍሪጁ ከነሲሪያል ቁጥሩ። ደረሰኝ ያለውን በደረሰኝ፣ የሌለውን በፎቶ። ዋጋ ቀንሼ አረቦን ላትርፍ እንዳትል ደግሞ። 4 ሚሊዮን የምታወጣ መኪና በ2 ሚሊዮን ካስገባህ፣ የ1 ሚሊዮን ጉዳት ሲደርስ የሚታሰብልህ 500 ሺህ ነው፣ ከዚያም ላይ ከኪስህ የምትችለው ድርሻ ይቀነሳል። የቀረውን ግማሽ አንተው ለራስህ ዋስ እንደሆንክ ነው የሚቆጠረው። ሙሉ በሙሉ ብትሰረቅም ከ2 ሚሊዮን በላይ አታይም።

ተፈትቶ የሚሄደውስ? ብዙ ፖሊሲ (የመድን ውል) መኪናዋ ራሷ ስትጠፋ እንጂ ስፖኪዮ ወይ ስኮርታ ብቻ ሲወሰድ አይከፍልም፣ ተጨማሪ ሽፋን ካልገዛህ በቀር። በቡሎን የታሰረና እንዲሁ የተቀመጠ ዕቃም እኩል አይደለም። ላፕቶፕና ካሜራ በመኪና ፖሊሲ ይካሳል ብለህ አትጠብቅ። ራቅ ወዳለ አገር የምትዘልቅ ከሆነ ቢ ኤስ ጂ ስለሚባለው ጠይቅ፣ ሽፍታና ታጣቂ ለሚያደርሰው የሚጨመር ሽፋን ነው።

ኪራዩን በደንብ አስብበት። ለግል ብለህ ገብተህ ብታከራያት ካሳውን እርሳው። የኪራይ ብለህ ብትገባም አንድ ጉድጓድ አለ። ቁልፉን በእጅህ የሰጠኸው ሰው ይዟት ቢሰወር ሕጉ ስርቆት አይለውም፣ እምነት ማጉደል ነው የሚለው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስርቆት አንቀጽ 665፣ እምነት ማጉደል አንቀጽ 675 ላይ ነው ያሉት። ብዙ ፖሊሲ ሁለተኛውን አይሸፍንም። ስለዚህ ከራስህ ሹፌር ጋር እንጂ ቁልፏን አታከራይ፣ ሹፌሩም ተያዥ ይኑረው።

ናፍጣ ብቻ (አዳማ)፦
ወረቀቱን ለእህታችን ትቻለሁ፣ እኔ ጋራዥ ስለሆንኩ ስለ ብረቱ ላውራ። ሁሉም ሰው "ድብቅ ማጥፊያ አስገጥም" ይልሃል። ልክ ነው፣ ግን አብዛኛው ኤሌክትሪሻን የሚቆርጥልህ የሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) መስመር ብቻ ነው። የድሮ ናፍጣ ሞተር በግፊ ይነሳል! ቁልቁለት ላይ ካቆምካት ሞተሪኖው ምን ያደርጋል? ስለዚህ የምትዘጋው ነዳጁን ነው። የናፍጣው ቱቦ ላይ መዝጊያ ይግባ፣ ሌባው ቢያስነሳት እንኳ ቱቦ ውስጥ ያለውን ጨርሳ መንገድ ላይ ትቆምበታለች። ማብሪያ ማጥፊያውን ዳሽቦርድ ስር አታድርግ፣ መጀመሪያ የሚዳሰሰው እዚያ ነው። አንተ እኮ ሙሉ ቤት አለህ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ቅበረው።

ጂፒኤስ አስገጥም፣ ግን አንዱ ከመኪናዋ ባትሪ ጋር ከታሰረ ሁለተኛው ከሶላሩ ባትሪ ጋር ይታሰር። ሌባ መጀመሪያ የሚነቅለው የመኪናውን ባትሪ ነው፣ አልጋ ስር ሌላ ይኖራል ብሎ አያስብም። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ዝም እንደሚል ግን እወቅ። ካርዱም ሒሳብ እንዳያልቅበት። አትሳቁ፣ ጂፒኤስ አስገጥሞ ሲሙን የማይሞላ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ።

ስኮርታዋን በሰንሰለት እሰራት። የሶላሩን ቡሎኖች ጫፍ በብየዳ ነካ አድርጋቸው። ታርጋህን ስፖኪዮና መብራቱ ላይ አስቀርጽ፣ ለመሸጥ ያስቸግራል።

ታቦር ስር፦
ሰው ውስጧ ካደረ ሐይቅ ዳር ማደር ደስ ይላል። ባዶዋን ግን እንዳትተዋት። ሆቴል ግቢ ስታስገባት በር ላይ የተለጠፈውን አንብብ፣ "ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም" የሚለውን። ዘበኛ አለ ማለት ተጠያቂ አለ ማለት አይደለም። ለማንኛውም ለዘበኛው የሻይ ስጠው፣ ጀርባዋንም ግንብ ላይ አስጠግተህ አቁማት፣ የኋላ በሩ እንዳይከፈት።

ይልቅ የውስጧን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ለቀሃል እንዴ? እኔ ያየኋት ያንተዋ ከሆነች ከነታርጋዋ ነው የታየችው። አውርደው በናትህ 😂

የሐይቁ ዳር፦
እሷው ናት፣ አሁን አወረድኩት 😂 አረቦን እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድንገት ብትሰረቅስ መጀመሪያ የት ነው የምሮጠው? ደግሞ ድንበር ለሚሻገር መኪና የሚሰጠውን የኮሜሳ ቢጫ ካርድ መድን አውጥቼ በሞያሌ ኬንያ ልዘልቅ ብል ስርቆቱ እዚያም ይሸፍናል?

አረቦን፦
ፖሊስ ጋ፣ በዚያው ቀን። ማመልከቻውን ከነሻንሲና ሞተር ቁጥሩ ስጥና ማስረጃ ተቀበል። ለመድን ድርጅቱም ወዲያው ደውል፣ ግን በጽሑፍም አስገባ፣ "ደውዬ ነበር" ማስረጃ አይሆንም። ሁሉንም ቁልፍ አምጣ ይሉሃል፣ ስለዚህ ትርፉን ቁልፍ ቤት አስቀምጠው። ዋናው ሊብሬም ቤት ይቀመጥ፣ ኮፒውን ያዝ። ቁልፉን ሰክተህ ትተህ ከወረድክ ግን ካሳውን አትጠብቅ።

ቢጫ ካርዱ ኬንያ ውስጥ ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳትና ለሹፌሩና ለተሳፋሪው ሕክምና ነው እንጂ ለስርቆት አይደለም። ለስርቆት ሙሉ ዋስትናህ ራሱ እዚያ ድረስ እንዲዘልቅ ማስጨመር አለብህ። ተጨማሪ አረቦን ይኖረዋል። ከሐዋሳ ሳትነሳ በጽሑፍ ተቀበለው፣ ሞያሌ ደርሰህ ብትደውል ማንም አያደርግልህም።