ከፍሪዘር በወጣ ቤሪ የጠነሰስሁት ወይን ጠጅ አልፈላ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ማምሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ በቤቴ የፍራፍሬ ወይን ጠጅ ጠንስሼ ነበር፤ ይኸው ሁለት ሙሉ ቀን ቢያልፈውም አንዲት አረፋ እንኳ አላየሁበትም። ያደረግሁት እንዲህ ነው። እንጆሪ፣ ራስበሪ፣ ብላክቤሪና ብሉቤሪ የተቀላቀሉበትን 3 ኪሎ የበረደ ፍሬ ከፍሪዘር አውጥቼ፣ 20 ሊትር በሚይዝና ለምግብ በተሠራ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ በቀጥታ ገለበጥሁት። በላዩ ላይ 4 ሊትር ለብ ያለ ውኃና 2.5 ኪሎ ስኳር ጨመርሁ፤ ጥቂት ካማሰልሁ በኋላ 5 ግራም የወይን ጠጅ እርሾ ከነደረቁ ነስንሼ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት።

ዛሬ ስከፍተው ፍሬው ከላይ ተንሳፏል፣ ፈሳሹም ደማቅ ቀይ ሆኗል፤ ሽታው ግን የጭማቂ እንጂ የሚፈላ ነገር አይደለም። ማማሰያውን እስከ ባልዲው ወለል ሳወርደው እርጥብ አሸዋ የሚመስል ነገር ነካሁ። በቴርሞሜትር ስለካው 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ የጥንስሱን የስኳር ይዘት የሚያሳየው ሃይድሮሜትር የሚባለው መለኪያ ግን የለኝም። እርሾው ሞቶ ይሆን? ሌላ ልጨምርበት ወይስ ሁሉንም ልድፋው? በተጨማሪም በቤት የተጠመቀ መጠጥ ሜታኖል ስላለው ዓይን ያጠፋል ሲባል እሰማለሁና፣ በዚህም ላይ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

አንደኛ መልስ

እባክዎ አይድፉት፤ ጥንስሱ አልተበላሸም። የደረሰበት ነገር ከበረደ ፍሬ የሚጠነስስ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ እኔም ሠርቼዋለሁ።

በረዶ ለመቅለጥ ብቻ የሚወስደው ሙቀት ሰዎች ከሚገምቱት እጅግ የበዛ ነው። በ0 ዲግሪ ያለ 1 ኪሎ በረዶ ወደ ውኃነት ለመለወጥ የሚፈልገው ሙቀት፣ 1 ሊትር ውኃን በ80 ዲግሪ ያህል ከፍ ለማድረግ ይበቃል። ቤሪ ደግሞ ከክብደቱ በመቶ ከ85 እስከ 90 የሚሆነው ውኃ ነው። ስለዚህ እርስዎ የጨመሩት 4 ሊትር ውኃ 40 ዲግሪ ነበር ብንል እንኳ፣ 3 ኪሎውን ፍሬ አቅልጦ ሳይጨርስ የራሱ ሙቀት ያልቃል። እርሾውን የነሰነሱት በረዶ በሚዋኝበት ውኃ ላይ ነበር ማለት ነው። ደረቅ እርሾ ውኃ መልሶ በሚጠጣባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች የሕዋሱ ሽፋን ገና ስላልጠገነ፣ ውኃው ከቀዘቀዘ በውስጡ ያለው ነገር ወደ ውጭ ያፈሳል፤ አብዛኛው የሚሞተውም በዚህ ጊዜ ነው። የተረፈውም ቢሆን በ13 ዲግሪ በጣም ይንቀራፈፋል።

አሁን ባልዲውን ሞቅ ወዳለ ክፍል ያዛውሩትና ከ20 እስከ 22 ዲግሪ እስኪደርስ ይጠብቁ። ቢቸኩሉ፣ ከውጭ በደንብ የታጠበና በማጽጃ የተጠረገ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልተው፣ አፉን ገጥመው ጥንስሱ ውስጥ ያቁሙት፤ ሲቀዘቅዝ ይለውጡት። ከዚያ አዲስ የእርሾ ፓኬት ይክፈቱና ከ35 እስከ 40 ዲግሪ በሆነ ግማሽ ስኒ ውኃ ላይ ነስንሰው 15 ደቂቃ ያህል ይተዉት። ከባልዲው ፈሳሽ አንድ አንድ ማንኪያ በየጥቂት ደቂቃው እየጨመሩ ሙቀቱን ያቀራርቡት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ዲግሪ ሲያንስ ወደ ባልዲው ይገልብጡት።

ፍሬው በረዶ ሆኖ መቆየቱ በራሱ ጉዳት እንዳይመስልዎ። የበረዶው ስለታም ቅንጣት የፍሬውን የሕዋስ ግድግዳ ስለሚበጣጥሰው ጭማቂውና ቀለሙ ከትኩስ ፍሬ ይልቅ በቀላሉ ይወጣል፤ ባልዲዎ ያለ ምንም መጨፍለቅ የቀላው በዚህ ምክንያት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ፍሬውን አንድ ሌሊት ሙሉ በንጹሕ ዕቃ ውስጥ አቅልጡት፤ ከእርሱ የወጣውንም ፈሳሽ አይጣሉ፤ የመጠጡ ነፍስ እዚያ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ መልስ

በቅዝቃዜው ጉዳይ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ሙቀቱን ብቻ አስተካክለው እርሾ ቢጨምሩ መፍላቱ ቢጀምርም መንገድ ላይ ይቆማል ብዬ እሰጋለሁ፤ ምክንያቱም ስኳሩ በዝቷል።

ሃይድሮሜትር ባይኖርም በስሌት መገመት ይቻላል። በአንድ ሊትር ጥንስስ ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲፈላ 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል። የተቀላቀለ ቤሪ በኪሎ 60 ግራም ያህል ስኳር አለው ብንል፣ ከ3 ኪሎው 180 ግራም እናገኛለን፤ ከጨመሩት ጋር ጠቅላላው 2,680 ግራም ይሆናል። መጠኑን ስናይ፣ ፍሬው ወደ 3 ሊትር፣ ውኃው 4 ሊትር፣ የተሟሟው ስኳር ደግሞ ወደ 1.5 ሊትር ቦታ ይይዛልና ድምሩ 8.5 ሊትር ነው። ይህ በሊትር 315 ግራም ስኳር ማለት ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ቢፈላ ከ18 በመቶ በላይ አልኮል ይሆናል። ብዙዎቹ የወይን ጠጅ እርሾዎች ከ12 እስከ 16 በመቶ ሲደርሱ ያቆማሉ። ከዚያም በላይ፣ እንዲህ የወፈረ ስኳር ከእርሾው ሕዋስ ውስጥ ውኃ ስለሚስብ ገና ከጅምሩ ያዳክመዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባልዲዎ ቦታ አለውና ቀድሞ የቀለጠ 1 ኪሎ ፍሬና 3 ሊትር ውኃ ይጨምሩበት። ያን ጊዜ 12.5 ሊትር ጥንስስ ውስጥ በሊትር 220 ግራም ያህል ስኳር ይኖራል፤ አልኮሉም ወደ 12 ወይም 13 በመቶ ይወርዳል። ከወለሉ የነካዎት እርጥብ አሸዋ ያልሟሟ ስኳር ነው፤ በቅዝቃዜ ምክንያት ተኝቷል። ማማሰያው ወለሉን ሲነካ ምንም እስከማይሰማዎት ድረስ ያማስሉት። ብርቱ ማማሰል በዚህ ደረጃ ሌላም ጥቅም አለው፤ እርሾ በሚራባበት ጊዜ ኦክስጅን ይፈልጋልና። ቤሪ ለእርሾ የሚሆን ናይትሮጅን ስለሚያንሰው፣ የእርሾ ምግብ ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ይጨምሩ። የፍሬውን ከረጢት ጽሑፍም ያንብቡ፤ ፖታሲየም ሶርቤት የሚል ካለበት እርሾው እንዳይራባ ስለሚያግደው ሌላ ፍሬ መፈለግ ይኖርብዎታል።

ክዳኑን ጥርቅም አድርገው እንዳይዘጉት፤ የሚፈላ ጥንስስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣልና ክዳኑ ወደ ጣሪያ ሊፈናጠር ይችላል። ለመጀመሪያው ሳምንት በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ በገመድ ማሰር ይበቃል፤ ዝንብ ግን በምንም ዓይነት መግባት የለባትም፤ የኮምጣጤ ባክቴሪያ ይዛ ትመጣለችና።

ሜታኖልን በተመለከተ፣ ፔክቲን ከሚባለው የፍሬው አጣባቂ ነገር ጥቂት ሜታኖል መፈጠሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ባልተጣራ፣ ማለትም በእንፋሎት ወደ አረቄነት ባልተለወጠ የፍራፍሬ ወይን ጠጅ ውስጥ የሚገኘው መጠን ዓይን የሚያጠፋ አይደለም። የሚሰማው አደጋ የሚደርሰው ከተጣራ አረቄና ሆን ተብሎ ሜታኖል ከተቀላቀለበት መጠጥ ነው። ስለዚህ ማጣራቱን ፈጽሞ አይሞክሩት።

ሦስተኛ መልስ

ከእኔ በፊት የጻፉት አባላት ስለ እርሾው ጤና በሚገባ ተናግረዋል፤ ስለ ጠጪው ጤና ግን አንድ ነገር ዘልለዋል። የበረዱ ቤሪዎች በተለያዩ አገሮች ከኖሮቫይረስና ከሄፓታይተስ ኤ ወረርሽኞች ጋር በተደጋጋሚ ተያይዘዋል። ፍሪዘር እነዚህን ቫይረሶች አይገድልም፤ ይልቁንም ያቆያቸዋል። በ12 በመቶ አልኮልም መተማመን አይቻልም። በከረጢቱ ላይ «ከመብላትዎ በፊት ያብስሉ» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ስኳሩ ከመጨመሩ በፊት ፍሬውን እስኪፈላ አሙቆ አንድ ሁለት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ከስኳሩ በፊት ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የስኳር ብዛት ቫይረሱ ሙቀትን እንዲቋቋም ስለሚረዳው ነው።

አራተኛ መልስ

የሦስተኛው መልስ ሰጪ ማሳሰቢያ ትክክል ነው፤ እኔ ግን የምሠራው ሳላሞቅ ነው፤ ምክንያቱንም ልናገር። አንድ ጊዜ 2 ኪሎ እንጆሪ ለ20 ደቂቃ ቀቅዬ ጠንስሼ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ባነሳው በማዶ ያለ ጣቴ አይታይም ነበር፤ ጣዕሙም ከወይን ጠጅ ይልቅ ወደ ማርማላታ ያደላ ነበር። መቀቀል ፔክቲኑን ከፍሬው አውጥቶ መጠጡን ያደፈርሰዋል።

ከረጢቱ ማብሰልን የሚያዝ ከሆነ ግን አልከራከርም፤ ማሞቁ ከተባለው ደቂቃ ሳያልፍ፣ ጥንስሱ ከቀዘቀዘ በኋላ ፔክቲንን የሚያፈርሰውን ፔክቲኔዝ የሚባል ኢንዛይም መጨመርና ከ12 ሰዓት በኋላ እርሾውን ማስከተል ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ትኩስ ጥንስስ ላይ ከተጨመረ ኢንዛይሙ በሙቀት ይበላሻል። ሳላሞቅ ስሠራ ለ4.5 ሊትር አንድ የካምፕደን ጽላት (ሰልፋይት ያለበት፣ ጥንስስን ከተሕዋስያን የሚያጸዳ ጽላት) አሟሙቼ 24 ሰዓት ቆይቼ እርሾ እጨምራለሁ፤ ይህ ግን የዱር እርሾንና ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን ለመከላከል አይደለም። አስም ያለበት ሰው የሚጠጣው ከሆነ ሰልፋይት እንዳለበት ሊነገረው ይገባል። ለጠያቂያችን፦ እርሾ አሁን የሚጨምሩ ስለሆነ ጽላቱን በዚህ ጥንስስ ላይ አያስገቡ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከረጢቱን ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቼ አነበብሁት፤ ሳይበስል ሊበላ እንደሚችል ይገልጻል፤ ከፍሬ በቀር ሌላ ነገርም የለበትም። ፍሬና ውኃ ጨምሬ፣ አሸዋው እስኪጠፋ አማስዬ፣ 22 ዲግሪ ሲደርስ አዲሱን እርሾ በተባለው መንገድ አስገባሁ። ማታ ጨምሬ ጠዋት ጨርቁን ስገልጠው ፍሬው እንደ ወፍራም ቂጣ ወደ ላይ ተነፍቶ መሐሉ ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ ሮዝ አረፋ ይወጣል፤ ጆሮዬን ሳስጠጋም ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ይሰማኛል። ከዚህ በኋላ መቼ ላጥልለው? መቼስ በጠርሙስ ልሙላው?

አንደኛ መልስ ሰጪ

እንኳን ደስ አለዎ። የተነፋውን ፍሬ ጠዋትና ማታ በንጹሕ ማማሰያ ወደ ታች ይድፈቁት፤ ላዩ ደርቆ ከዋለ ይሻግታል። ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ አረፋው ሲበርድ በስስ ጨርቅ ያጥልሉት፤ ጨርቁን አይጭመቁት፣ ራሱ ይንጠባጠብ፤ ከተጨመቀ የራስበሪው ፍሬ ዘር መራራ ያደርገዋል። ፈሳሹን አፉ ጠባብ በሆነ የመስታወት ዕቃ እስከ አንገቱ ሞልተው ኤርሎክ፣ ማለትም ጋዙን አስወጥቶ አየር የማያስገባ ክዳን ይግጠሙበት፤ ከዚህ በኋላ አየር ጠላቱ ነው።

ከአንድ ወር ገደማ በኋላ አተላው ሲዘቅጥ ጥሩውን ክፍል በቀጭን ቱቦ ስበው ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ያዛውሩት፤ በየሁለት ወሩም ይድገሙት። ወደ ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት ግን ሃይድሮሜትር ይግዙ። ንባቡ 1.000 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ለሦስት ሳምንት ካልተለወጠ መፍላቱ አልቋል። ኤርሎኩ ዝም ማለቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ያልጨረሰ መጠጥ የታሸገበት ጠርሙስ ይፈነዳል። ዕቃውን ከብርሃን ይሸሽጉት፤ የእንጆሪ ቀይ ቀለም በብርሃን ቶሎ ይደበዝዛልና።