ትራከር ላይ የናፍጣ ሙቀት ሴንሰር የት ነው ያለው?

የአዘዞ ሾፌር፦
ሰላም ወንድሞች። የጭነት መኪናዬ ኢቬኮ ትራከር ነው። ጭኖ ከመተማ ወደ ጎንደር ሲወጣ ዳገቱ ላይ ጉልበት ያንሰዋል። መመርመሪያ ማሽኑ ኤስ ፒ ኤን 174፣ ኤፍ ኤም አይ 3 የሚል የብልሽት ኮድ አወጣ፤ የናፍጣውን ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይላል። ሴንሰሩ ሰርባቶዮ (የናፍጣ ታንከር) ውስጥ ነው እንዴ? ሳላወርደው ልጠይቅ ብዬ ነው።

ኖዝል፦
ኧረ ሰርባቶዮውን አትንካው! እዚያ ያለው የነዳጁን መጠን የሚያሳየው ጌጅ ነው። ትራከር ላይ ሴንሰሩ ናፍጣ ፊልትሮው የሚታሰርበት አካል ላይ ነው፣ በሞተሩ ግራ በኩል። ባለ ሁለት ሽቦ ነው፤ ከውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ሌሎች መኪኖች ላይ ቦታው ይለያያል፤ ፊልትሮው ላይ፣ የናፍጣ ፖምፓው መግቢያ ላይ ወይም ሪቶርኖው (ትርፍ ናፍጣ ወደ ሰርባቶዮ የሚመለስበት መስመር) ላይ ታገኘዋለህ። የትም ይሁን የት ዝቅተኛ ግፊት ባለበት መስመር ነው። ኮመን ሬይል (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቱቦ የሚታደልበት) ሞተር ላይ ሬይሉ፣ ማለትም ቱቦው ጫፍ የተሰካው ባለ ሦስት ሽቦ የግፊት ሴንሰር ነው፤ ብዙ ሰው እሱን ይፈታል። ሜካኒካል ፖምፓ ያላቸው የድሮ ሲኖትራኮች ደግሞ ይሄ ሴንሰር ጭራሽ የላቸውም።

ከዜሮ በታች 40 ማለት መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው። ሶኬቱን ንቀልና ሴንሰሩን በቴስተር ለካ፤ 20 ዲግሪ ላይ ወደ 2,500 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ወደ 300 ኦም መስጠት አለበት። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ክፈትና ሶኬቱን ለካ፤ 5 ቮልት ካልመጣ ችግሩ ሽቦው ነው። ፊልትሮ ሲቀየር መፍቻው እየመታው ሶኬቱ ይሰነጠቃል፣ መጀመሪያ እሱን እይ።

የአዘዞ ሾፌር፦
5 ቮልት አለ። ሴንሰሩ ግን ምንም ኦም አይሰጥም።

ኖዝል፦
ሞቷል፣ ቀይረው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፍታው፣ ሮንደላውን (ማሸጊያ ቀለበቱን) አዲስ አድርግ። መስመሩ አየር ስለሚገባው በእጅ ፖምፓው አረፋው እስኪጠፋ ንፋሱን አውጣ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ መኪናው ካደረ በኋላ ጠዋት ሳታስነሳ የናፍጣው፣ የውሃውና የአየሩ ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለበት።

ቱርቦ፦
ሴንሰሩን ቀይር፣ ግን ጉልበቱ በዚያ ብቻ ይመለሳል ብለህ አትጠብቅ። ሴንሰሩ ሲበላሽ ኮምፒዩተሩ በራሱ ቋሚ ቁጥር ነው የሚሠራው። ናፍጣ በ40 ዲግሪ ቢሞቅ እንኳ መጠኑ የሚሰፋው 3 በመቶ ገደማ ነው፤ የተጫነ መኪና የሚያስቆም አይደለም። ፖምፓው መግቢያ ላይ ከ70 ዲግሪ ካለፈ ግን ይቀጥንና ማለስለሱ ይቀንሳል። ቆላ ላይ ሰርባቶዮው ውስጥ ያለውን ናፍጣ እስከ ሩብ ማጉደል ጥሩ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ ከሞተሩ የሚመለሰው ትኩስ ናፍጣ የሚቀዘቅዝበት አያገኝም። ሪቶርኖ ላይ የሚለካ መኪና ከፊልትሮው በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ቢያሳይ ደግሞ አትደንግጥ፣ ያለ ነው።

ዳገቱ ላይ ጭሱን እየው። ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል፤ አየር ፊልትሮውንና የቱርቦውን ጎማ ቱቦዎች ፈትሽ። ጭስ ሳይኖር ከደከመ ናፍጣ አንሶታል፤ ፊልትሮዎቹን ቀይር፣ ከሰርባቶዮ የሚስበውን ቱቦም እይ።