ጥቆማ፦ አዳማ ላይ ለ50 ሊትር የኮራል አኳሪየም የቱ ውሃ፣ የቱ ጨው፣ የቱ መለኪያ?

ጥያቄ
ሰላም ቤተሰብ። አኳሪየሙ ያለው አዳማ ነው፤ 50 ሊትር ውሃ ይይዛል። ውስጡ ዞአንቲድ፣ እንጉዳይ ኮራልና ሁለት ሃመር (ድንጋይ የመሰለ አጽም የሚሠራ ኮራል) አሉ። የሚገባው የቧንቧ ውሃ ነው፣ ክሎሪን ማጥፊያ ተጨምሮበት። አልካሊኒቲው፣ ማለትም ውሃው የያዘው የካርቦኔትና የባይካርቦኔት መጠን፣ እሑድ 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ) ከሆነ በሚቀጥለው እሑድ 7 ይሆናል። መስታወቱ በተጠረገ በሁለተኛው ቀን ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ይለብሳል። የባትሪ ውሃ ይሻላል፣ የታሸገ ወይስ የቤት አርኦ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያጣራ መሣሪያ)? አልካሊኒቲውን የሚያሟላው ኬሚካልስ ከየት ይገዛል? የምታውቁትን ጠቁሙኝ።

መልስ
ወንድሜ፣ ከኬሚካሉ በፊት ውሃውን አስተካክል። ቡናማው ነገር ዲያቶም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፤ ቅርፊቱን የሚሠራው ከሲሊካ ነው። ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ዓለት ላይ ነው፤ የጉድጓድ ውሃችን ሲሊካም ፍሎራይድም ይበዛበታል። ወንጂ አካባቢ ፍሎራይድ በሰው ጥርስና አጥንት ላይ ያደረሰው ጉዳት የታወቀ ነው። ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣው ከጉድጓዱ ይሻላል። ግቢው የራሱ ጉድጓድ ካለው ወይም ውሃ በቦቴ የምታስመጣ ከሆነ ግን ምንጩን ጠይቅ።

ክሎሪን ማጥፊያ ክሎሪን ብቻ ነው የሚያጠፋው። ከአኳሪየም የሚተነው ንጹሕ ውሃ ስለሆነ የቀረው ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል። በሊትር 3 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ በቀን 1 ሊትር ብትተካበት፣ በ30 ቀን 90 ሚሊ ግራም ገባ ማለት ነው። ለ50 ሊትር ሲካፈል በሊትር 1.8 ነው። የባሕር ውሃ የራሱ ፍሎራይድ በሊትር 1.3 ገደማ ብቻ ነው። ሲሊካውም በዚሁ መንገድ ይከማቻል።

ምርጫዬ ለወጥ ቤት የሚሸጠው የቤት አርኦ ነው፤ ሁለት ነገር ይስተካከልበታል። አንደኛ፣ ብዙዎቹ መጨረሻ ላይ ለመጠጥ ጣዕም ማዕድን የሚጨምር ካርትሪጅ አላቸው፤ እሱ ይውጣ። የሚገጥመው ባለሙያ «ውሃው ይበላሻል» ይል ይሆናል፣ ለመጠጥ አስቦ ነው። ከሜምብሬኑ (ውሃውን ከሚያጣራው ስስ ሽፋን) መውጫ ላይ ቲ ማገናኛ አስገብቶ ለአኳሪየሙ ለብቻው መስመር ያውጣልህ። ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ ቀለም የሚቀይር ዲአይ ሬዚን (የቀረውን የሟሟ ማዕድን የሚይዝ ፍሬ) ያለበት አንድ የማጣሪያ ቤት ይጨመር። አርኦው ብቻውን ሲሊካውን ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም።

ሬዚኑ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሬዚን እየደከመ ሲሄድ መጀመሪያ ከሚያመልጡት መካከል ሲሊካና ፍሎራይድ ናቸው፤ ሲሊካ ደግሞ የኤሌክትሪክ ቻርጁ ደካማ ስለሆነ ቲዲኤስ ሜትር (ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጠቅላላ ነገር የሚለካ መሣሪያ) አያየውም ማለት ይቻላል። ሜትሩ 0 እያለ ዲያቶሙ ከተመለሰ ሬዚኑ አልቋል። የቀለም ለውጡ የሬዚኑን ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ ቀይረው፣ እስኪያልቅ አትጠብቅ።

መልስ
ለላይኛው ልጨምር። የአርኦ ግፊት ከ3 ባር በታች ከሆነ ሜምብሬኑ በደንብ አያጣራም። ውሃ በፈረቃ እየመጣ ከሮቶ የሚጠቀም ሰው ግፊት የሚጨምር ቡስተር ፓምፕ ያስፈልገዋል፤ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ በራሱ የሚሰጠው ግፊት ከ1 ባር አይበልጥም። ሜምብሬኑ መሥራቱን ለማወቅ ከመግቢያውና ከመውጫው ቲዲኤስ ለካ፦ 400 ገብቶ 12 ከወጣ 97 በመቶ አጣርቷል፣ ጥሩ ነው። ከ90 በመቶ ሲወርድ ሜምብሬን ቀይር። ሜምብሬንን ቶሎ የሚገድለው ክሎሪን ነው፣ ስለዚህ ክሎሪኑን የሚይዘውን የካርቦን ፊልተር በጊዜው መለወጥ ከሜምብሬን ዋጋ ያድናል። ውሃ ጠፍቶ በተመለሰ ቀን መጀመሪያ የሚመጣውን ደፍርስ በማጣሪያው አታሳልፍ፣ ባለ 5 ማይክሮኑን ፊልተር ወዲያው ይደፍነዋል።

ከአርኦው የሚጣለው ውሃ ከንጹሑ 3 ወይም 4 እጥፍ ነው። ለልብስና ለወለል ይሆናል። ለመጠጥና ለምግብ አይሁን፣ ፍሎራይዱ የተጠራቀመበት እሱ ነው።

መልስ
ስለ ሌሎቹ አማራጮች፦

የባትሪ ውሃ ከነዳጅ ማደያና ከመኪና ዕቃ መሸጫ ይገኛል። ለ50 ሊትር በሳምንት 5 ሊትር ለመቀየርና ለሚተነው ለመተካት ሒሳቡ ሊያዋጣ ይችላል። ግን ጥራቱ ከጀሪካን ጀሪካን ይለያያል፤ እያንዳንዱን በቲዲኤስ ሜትር ለካ፣ ከ5 በላይ ካነበበ መልስ። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እነዚሁ ሱቆች የባትሪ አሲድንም በተመሳሳይ ጀሪካን መሸጣቸው ነው። ያልታሸገ ወይም እዚያው የተቀዳ ነገር በፍጹም አትግዛ።

የታሸገ ውሃ ለመጠጥ እንጂ ለዚህ አይደለም። መለያው ላይ ካልሲየም፣ ባይካርቦኔት፣ ናይትሬት፣ ፍሎራይድ ተጽፎ ታያለህ፤ ያ ሁሉ በየቀኑ ይጠራቀማል። አርኦ ለተበላሸበት ለአንድ ሳምንት ችግር የለውም፤ ከመለያዎቹ ዝቅተኛ ቲዲኤስ የተጻፈበትን ምረጥ።

የክረምት ዝናብ ውሃ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አይሆንም። ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፣ ዚንክ ደግሞ ለኮራልም ለቀንድ አውጣም መርዝ ነው።

አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ስለሆነች «ሾፌር በጀሪካን የባሕር ውሃ ያምጣልኝ» የሚል ሐሳብ ይነሳል። አልመክርም። ወደብ አጠገብ የተቀዳ ውሃ ዘይትና ነዳጅ አለበት፤ ከወደብ ርቆ የተቀዳው ደግሞ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን በተዘጋና በሞቀ ጀሪካን ሞተው አሞኒያ ይሆናሉ።

ጥያቄ
አመሰግናለሁ። የአፋር ጨውስ? ከውጭ የሚመጣው ጨው በጣም ተወደደ።

መልስ
የአፋር ጨው በዋናነት ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ኮራል አጽሙን የሚገነባው በካልሲየምና በካርቦኔት ነው፤ ማግኒዚየሙ ደግሞ ሁለቱ ውሃው ውስጥ ተያይዘው እንዳይረጉ ያግዳል። እነዚህን በሚፈለገው መጠን ከማዕድ ጨው አታገኛቸውም። ስለዚህ ለአኳሪየሙ አይሆንም፣ ለመለኪያህ ግን በጣም ይጠቅማል። 36.5 ግራም ደረቅ ንጹሕ የገበታ ጨው በ963.5 ግራም አርኦ ውሃ ብታሟሟ፣ ለባሕር ውሃ የተሠራ ሪፍራክቶሜትር (ጨውነት መለኪያ) ላይ 35 በሺህ ማንበብ አለበት። ካላነበበ ብሎኑን አዙረህ አስተካክል። በንጹሕ ውሃ 0 ላይ ብቻ የተስተካከለ ሪፍራክቶሜትር 35 ላይ ሁለትና ሦስት ነጥብ ሊዋሽ ይችላል። ስትገዛም ተጠንቀቅ፤ ለማር የሚሸጠው ሌላ ነው።

ጨውን በተመለከተ፣ ሬድ ሲ ከሚባለው የአኳሪየም ጨው ሰማያዊው ባልዲ ወደ 8 ዲኬኤች፣ ኮራል ፕሮ የሚባለው ጥቁር ባልዲ ወደ 12 ነው። ላንተ የምመክረው ሰማያዊውን ነው። ባለ 12ቱ ጉድለቱን ይሞላልኛል እንዳትል፤ 7 ላይ ያለን ውሃ 10 በመቶ በ12 ብትቀይር የምታገኘው ግማሽ ዲኬኤች ነው፣ በሳምንት የሚጠፋብህ ግን 2 ነው። ካርቶን ውስጥ የቆየና እርጥበት ይዞ የጓጎለ ጨው በምንም ዋጋ አትውሰድ፣ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ተያይዘው ረግተዋል፤ መልሰው አይሟሙም።

መልስ
አልካሊኒቲ ላይ ልግባ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። በሳምንት 2 ዲኬኤች መውረዱ ጤና ነው፣ ሃመሮቹ እያደጉ ነው ማለት ነው። ኮራሉን የሚጎዳው መውጣትና መውረዱ ነው። ከ7.5 እስከ 9 ካለው አንዱን ምረጥና እዚያው ያዘው፤ በቀን ከ0.5 በላይ አታንቀሳቅሰው።

መጀመሪያ መለኪያህ ትክክል መሆኑን አረጋግጥ። በወርቅ ሚዛን 3 ግራም ቤኪንግ ሶዳ መዝነህ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ አሟሟ፤ ከዚያ 100 ሚሊ ሊትሩን ወስደህ እስከ 1 ሊትር ሙላ። ይህ ውሃ 10 ዲኬኤች ነው። መለኪያህ 11.5 ካለ የ1.5 ስሕተቱን ይዘህ አንብብ ወይም ሪኤጀንቱን (የመለኪያውን ኬሚካል) ለውጥ። መደብር ውስጥ ሙቀት ላይ የቆየ ሪኤጀንት ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል።

ከመለኪያዎቹ፦ ሳሊፈርት በስሪንጅ ስለሚለካ ለዋጋው ጥሩ ነው። የሃና ቼከር ቁጥር ስለሚያሳይ የቀለም ክርክር የለውም፣ ግን አንዱ የሪኤጀንት ጠርሙስ ለ25 ጊዜ ያህል ነው፣ ሲያልቅ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አለ። ኤፒአይ ብቻ ያገኘ ሰው በ5 ሚሊ ሊትር ፋንታ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጠቀም፤ ያኔ እያንዳንዷ ጠብታ ግማሽ ዲኬኤች ትሆናለች። ፒኤች መለኪያ ላይ ገንዘብ ከማውጣት ካልሲየምና ማግኒዚየም መለኪያ ይቅደም።

አሁን ማሟያው። ሁለት ጠርሙስ አዘጋጅ፣ እያንዳንዱ 1 ሊትር አርኦ ውሃ፦ በአንደኛው 30 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ በሁለተኛው 26 ግራም ባለ ሁለት ውሃ (ዳይሃይድሬት) ካልሲየም ክሎራይድ። መለያው ላይ ውሃ አልባ (አንሃይድረስ) የሚል ከሆነ 20 ግራም ይበቃል፤ ሲሟሟ ስለሚሞቅ ዱቄቱን ወደ ውሃው ቀስ እያልክ ጨምር። እንዲህ ሲሠራ ሁለቱ እኩል ይሄዳሉ፦ ለ50 ሊትር ከመጀመሪያው 50 ሚሊ ሊትር 1 ዲኬኤች ያወጣል፣ ከሁለተኛው 50 ሚሊ ሊትር ደግሞ ካልሲየሙን በሊትር 7 ሚሊ ግራም ያወጣል፤ ኮራልም የሚወስደው በዚሁ መጠን ነው። ላንተ በቀን ከእያንዳንዱ 14 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ሶዳውን ጠዋት፣ ካልሲየሙን ማታ፣ ፓምፑ ውሃ የሚገፋበት ቦታ ላይ። አንድ ላይ ካፈሰስካቸው ነጭ ዱቄት ሆነው ይወርዳሉ፣ ኮራሉም አይጠቀምም፣ ፓምፑም ይታሰራል።

ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዚየም ከ1,280 እስከ 1,350 ይሁን። አልካሊኒቲው ብትጨምርም አልያዝ ካለህ መጀመሪያ ማግኒዚየም ለካ፤ ዝቅ ካለ ማሟያው ኮራሉ ሳይደርስ አሸዋና ሂተር ላይ ይረጋል። ለ50 ሊትር 21 ግራም ባለ ስድስት ውሃ (ሄክሳሃይድሬት) ማግኒዚየም ክሎራይድ ማግኒዚየሙን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ያወጣል።

ጥያቄ
ቤኪንግ ሶዳ ሰፈር ሱቅ አለ። ቤኪንግ ፓውደር ያው አይደል?

መልስ
አይደለም፣ ይህን ማንም እንዳይሳሳት። ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ ሶዳው አለ፣ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፎስፌት ያለበት አሲድና ስታርች ተቀላቅሎበታል። ፎስፌቱ የኮራሉን አጽም ግንባታ ያዘገያል፣ አልጌ ያበቅላል፤ ስታርቹ ባክቴሪያ አፍልቶ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። መለያው ላይ ሶዲየም ባይካርቦኔት ብቻ የተጻፈበትን ከሱፐርማርኬት ወይም ከፋርማሲ ግዛ።

ከአብጃታ ሐይቅ የተመረተ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) የሚጠቁም ሰው ሊኖር ይችላል። እሱ ለኢንዱስትሪ ነው፣ ሐይቁም ፍሎራይድ የበዛበት ነው። ሶዳ አሽ ከፈለግህ ቤኪንግ ሶዳውን ትሪ ላይ ስስ አድርገህ በ180 ዲግሪ 1 ሰዓት ጋግር፤ 100 ግራሙ 63 ግራም ሲሆን ተለውጧል። 19 ግራሙ የ30 ግራም ቤኪንግ ሶዳን ያህል ይሠራል፣ ፒኤችም ከፍ ያደርጋል። የግንባታ ኖራም አይሁን፤ ንጽሕናው አይታወቅም። ካልሲየም ክሎራይዱን የላቦራቶሪ ኬሚካል ከሚሸጡ ወይም አይብ ለሚሠሩ ከሚያቀርቡ ለምግብ የሚሆነውን ጠይቅ።

መልስ
አዳማ ላይ ብቻ የሚያስፈልግ ጥቆማ ደግሞ አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው ወደ 18 በመቶ ያንሳል። ሙቀቱ ሲጨመርበት መብራት የጠፋበት ሌሊት አደገኛ ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣውን ዓይነት፣ ከማንኛውም የኬሚካል ጠርሙስ በፊት ግዛ። ባለ 12 ቮልት ዲሲ ፓምፕ ካለህ ከሶላር ባትሪ ጋር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያገናኝልህ፣ ሙሉ ሌሊት ይይዛል። ዩፒኤስ ለኮምፒውተር የተሠራ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

ለሙቀቱ ውሃው ላይ የሚነፍስ ትንሽ ፋን 2 ወይም 3 ዲግሪ ያወርዳል፣ ግን ትነቱን ይጨምራል። ከ50 ሊትር 2 ሊትር ተንኖ ሳይተካ ቢውል ጨውነቱ ከ35 ወደ 36.5 ይወጣል፤ አልካሊኒቲውም አብሮ ከፍ ብሎ ይነበብና ማሟያ ትቀንሳለህ። ስለዚህ መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ተካ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀላቀል፣ ከዚያ ለካ፤ ሁልጊዜም በተመሳሳይ ሰዓት፣ የአኳሪየሙ መብራት ከመከፈቱ በፊት። የምትተካውን ውሃ የምታስቀምጥበት ጀሪካን ለምግብ የሚሆን ፕላስቲክ ይሁን፣ የነሐስ ቧንቧ አይግጠም፤ ንጹሕ ውሃ መዳቡን ያሟሟዋል።