ሐዋሳ ላይ ስለሚካሄድ የኮስፕሌይ ቀን የወጣቶች ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፤ ዝርዝሩን የምታውቁ እርዱኝ

አላሙራ_ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉ አንባቢዎች ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ የሚደረግ የአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) እና የኮሚክ አፍቃሪዎች ቀን ነው። ኮስፕሌይ ማለት የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ መስሎ መልበስ ነው፤ በዕለቱ የልብስ ውድድርም አለ። ዝግጅቱም አኒሜውም ፈጠራ ናቸው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ምሕረት 16 ዓመቷ ነው፣ አቶቴ አካባቢ ትኖራለች፣ በአፏ ዙሪያና በሁለቱም እጆቿ ጣቶች ላይ ለምጽ አለባት። መስላ ልትለብስ የምትመርጠው የአኒሜ ተዋጊ ከአፍንጫ በታች ጭምብል፣ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ የእጅ ጋሻ አላት። ለምን እንደመረጠቻት ግልጽ ነው። ትጥቁን ራሷ ትሠራዋለች።

የቸገሩኝ ሦስት ነገሮች ናቸው። እንዲህ ያለ ቀን ከውስጥ ሲታይ እንዴት ነው የሚሠራው፣ የትስ ጋ ይበላሻል? ትጥቁን እዚህ ገበያ በሚገኝ ዕቃ እንዴት ትሠራዋለች? የመጨረሻውና የከበደኝ ደግሞ፣ ራሷን የምትቀበልበት ቦታ ስብከት እየሆነብኝ ነው። አሁን ባለው ረቂቅ መድረክ ላይ ጭምብሏን ታወልቃለች፣ አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭባል። አልወደድኩትም፤ ለምን እንዳልወደድኩት ግን በደንብ መናገር አልቻልኩም። አመሰግናለሁ፣ እህታችሁ።

መድረክ_ጀርባ

ሰላም እህቴ። እንዲህ ያለ ቀን በአብዛኛው የሚበላሸው መድረክ ላይ ሳይሆን በር ላይ ነው። ልቦለዱን ከሰልፉ ብትጀምሪው ጥሩ ነው፤ ሁሉም ገጸ ባሕርይ እዚያ ስለሚቆም ሰበብ ሳትፈጥሪ ታገናኛቸዋለሽ።

200 ሰው የሚጠበቅ ከሆነ ቢያንስ ሁለት የመመዝገቢያ ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቀድሞ ለተመዘገበ፣ አንዱ በዕለቱ ለሚከፍል። የአንገት ባጆች በፊደል ተራ ይደረደራሉ፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ሐና በ«ሀ» ትጻፍ በ«ሐ»፣ ጸጋዬ በ«ጸ» ይሁን በ«ፀ» መዝጋቢው አያውቅም፤ ባጁ ሳጥኑ ውስጥ እያለ «ስምህ የለም» ይባላል። ሰልፉ በፀሐይ ይረዝማል፣ ፎም የለበሰ ሰው ገና ሳይገባ በላብ ይጠመቃል። ልምድ ያለው አዘጋጅ አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት በአንድ ሳጥን ያደርጋል።

ቀጥሎ የመሣሪያ ፍተሻ ነው። ብረት ስለት አይገባም፤ እውነተኛ የሚመስል ጠመንጃም እንዲሁ። እንጨት ከሆነ ጠርዙ የተሞረደ መሆን አለበት። ያለፈው ዕቃ ላይ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰርበታል። የምሕረት ሰይፍ ከፎም ቢሆንም ከቤት እስከ አዳራሹ በባጃጅ ስትመጣ በጨርቅ ተጠቅልሎ መሆን አለበት፤ መንገድ ላይ የሚያየው ሰው ፎም መሆኑን አያውቅማ።

አዳራሹ ውስጥ የሥዕልና የኮሚክ ሻጮች ጠረጴዛ ግድግዳውን ይዞ ይቀመጣል። መተላለፊያው ከ2 ሜትር ካነሰ ክንፍና ረጅም ቀሚስ የለበሰ ሰው ሁሉንም ይዘጋል። ከልብስ መቀየሪያው አጠገብ የጥገና ጠረጴዛ ይኖራል፤ የሙጫ ሽጉጥ፣ ማስቲሽ፣ መርፌና ክር፣ መርፌ ቁልፍ፣ ፕላስተር፣ መቀስ። ጫጫታና መብራት ለሚከብደው ሰው የሚሆን ጸጥ ያለ ክፍልም ያስፈልጋል፤ ያለዚህ ክፍል የሚዘጋጁትን አልመክርም።

ላንቺ ታሪክ ትልቁ ቦታ ቅድመ ዳኝነቱ ነው። ተመልካች አያየውም። ተወዳዳሪው ከመድረክ በፊት ለብቻው ይገባና ዳኞች ለሦስት ወይም ለአምስት ደቂቃ ሥራውን በቅርብ ያያሉ። መጋጠሚያውን በጣት ይዳስሳሉ፣ ውስጡን ይገለብጣሉ፣ «ይህን እንዴት ሠራሽው?» ይላሉ። የእጅ ጋሻ ውስጡ የሚታየው ከእጅ ሲወልቅ ነው። ለምሕረት ከመድረኩ ይልቅ የሚያስፈራት ይህ ክፍል መሆን አለበት።

መድረክ ላይ የሚወጡበትን ተራ ደግሞ በሰዓት አስዪው። 25 ተወዳዳሪ፣ መውጣት መውረዱንና ስም መጠራቱን ጨምሮ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሰጥ ወደ 40 ደቂቃ ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ያለው ሲታከል ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ያን ሁሉ ጊዜ ትጥቅ የለበሰ ልጅ መቀመጥ አይችልም፤ ጭምብሉን ሳያወልቅ የሚጠጣው በስትሮ ብቻ ነው።

ስለ ፎቶም አትርሺ። የኒውዮርክ ኮሚክ ኮን የተባለው ትልቅ የኮሚክ አፍቃሪዎች ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2014 «ኮስፕሌይ ማለት ፈቃድ ማለት አይደለም» የሚል ትልልቅ ማስታወቂያ በየቦታው ሰቅሎ ነበር። ሳያስፈቅዱ መንካትና ማንሳት በየትም ያለ ችግር ነው። አንድ ሰው የምሕረትን ጣቶች አጉልቶ ቢያነሳ፣ አስተባባሪው ፎቶው እንዲጠፋ የሚያስደርግበት ሕግ በር ላይ ተለጥፎ ይሁን።

አንዲት የምታነብ ጓደኛ ካለቻት ይህን ትንገራት፦ እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልቦለድ ጉባኤ ፎረስት አከርማንና ሜርትል ዳግላስ የመጪውን ዘመን ልብስ ለብሰው መጡ። የሁለቱንም ልብስ የሠራችው ሜርትል ነበረች። ለብዙ ጊዜ ስሙ የተነሣው ግን የእሱ ነው።

ማስቲሽና_ካተር

ትጥቁን ለእኔ ተዉት።

የውጭ መምሪያዎች ኢ.ቪ.ኤ ፎም የሚሉት ዕቃ በስሙ ብትጠይቂ ሻጩ ላያውቀው ይችላል፤ እርስ በርሱ የሚገጣጠመው የልጆች የወለል ምንጣፍ ግን እሱው ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ለደረትና ለትከሻ ይስማማል፣ ለጣትና ለጭምብል ግን ይወፍራል፤ እዚያ ላይ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ፎም ትፈልግ። የፍራሽ ስፖንጅ በፍጹም አይሆንም፤ ሙጫ ይመጥጣል፣ በሙቀትም ቅርጽ አይይዝም።

ልኩ የሚወሰደው እንዲህ ነው። ክንዷ በስስ የምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ይጠቀለላል፣ በላዩ ፕላስተር ይለጠፋል፣ መጋጠሚያው በእስክሪብቶ ይሰመራል፣ ከዚያ በመቀስ ተቀዶ ይወጣና ወደ ካርቶን ይገለበጣል። ይህን የራስ ክንድ ላይ ብቻን መሥራት አይቻልም፤ ሌላ ሰው እጇን ይዞ መቁረጥ አለበት። እጇን የምትደብቅ ልጅ ማንን ትጠራለች? ይህ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነው።

የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ውፍረቱን መርሳት ነው። 10 ሚሊ ሜትር ፎም በክንድ ዙሪያ ሲጠቀለል የውስጥ ዙሪያው በ3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠባል። የካርቶኑን ልክ እንዳለ ከቆረጠችው አይገባላትም። በካተር ስትቆርጥ ምላጩ አዲስና ቀጥ ብሎ የተያዘ ይሁን፤ ፎም ምላጭ ቶሎ ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ ምላጭ ደግሞ ጠርዙን ይቦጭቀዋል፤ የተቦጨቀ ጠርዝ ላይ ሙጫ አይዝም።

ማስቲሹ በሁለቱም ጠርዝ ላይ በስሱ ይቀባል። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ 10 ደቂቃ ያህል፣ ሲነኩት የማያጣብቅ እስኪሆን። ሳይደርቅ ከገጠመችው ይንሸራተትና በማግስቱ ይከፈታል። በጣም ካቆየችው ደግሞ መያዙን ይተዋል። ደርቆ ሲነካካ ወዲያው ስለሚይዝ ለማስተካከል ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ከአንድ ጫፍ ጀምራ ቀስ እያለች ትጫነው።

ሁለት አደጋዎች አሉ፣ ሁለቱንም በልቦለዱ ውስጥ በትክክል ጻፊልኝ። የመጀመሪያው እሳት ነው። የማስቲሽ ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እሷ ግቢ ውስጥ እየቀባች እናቷ አጠገቧ ቡና ልትቆላ ከሰል ብታቀጣጥል እሳቱ ትነቱን ተከትሎ ወደ ጣሳው ሊመጣ ይችላል። ሥራው ደጅ፣ ነፋስ ባለበት፣ ከከሰል ርቆ ነው።

ሁለተኛው በቀጥታ ምሕረትን ይመለከታል። በአንዳንድ ማስቲሾች ውስጥ ፓራ ተርሸሪ ቡቲልፌኖል ከተባለ ኬሚካል የሚሠራ ሬዚን ይገባል፤ ኬሚካሉ ቆዳ ሲነካካው ቀለምን ሊያጠፋ እንደሚችል በሕክምና የታወቀ ነው። በዚያ ላይ ለምጽ ባለበት ሰው ቆዳው በተቃጠለበት፣ በተላጠበት ወይም ማሰሪያ ዘወትር በሚፈትገው ቦታ አዲስ ነጭ ምልክት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ጓንት ታድርግ፣ ሙጫ የነካውን ጓንት ትቀይር፤ የጭምብሉ ላስቲክ ከጆሮዋ ጀርባ እንዳይፈትግ በስስ ጨርቅ ይሸፈን። በሙጫ ሽጉጥ ጣቷ ሲቃጠል ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ ትያዘው። እጇን ለመደበቅ የምትሠራው ነገር ራሱ እጇን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህን አንቺ ሳትናገሪ አንባቢው ያየዋል።

ቀለሙ ቀላል ነው። ፎሙ በሙቅ አየር ሽጉጥ ይሞቅ፤ ላዩ ትንሽ ሲያብረቀርቅ ቀዳዳዎቹ ተዘግተዋል ማለት ነው። ተራ የፀጉር ማድረቂያ ለ10 ሚሊ ሜትር ፎም አቅም የለውም። ከዚያ ነጭ ኮላ በውኃ እኩል በእኩል ተበጥብጦ ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በየመሀሉ እየደረቀ፤ በመጨረሻ አክሪሊክ ቀለም። ቀለሙ የሚሰነጠቀው በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ፎሙ ይታጠፋል፣ ደረቅ ቀለም አይታጠፍም። ኮላ በውኃ ስለሚላላ ታሪኩን ክረምት ላይ ካደረግሽው ዝናብ አያግኘው።

የአዳማ_አርታኢ

ጭብጨባውን አውጪው። ያልወደድሽው ልክ ስለሆንሽ ነው። አዳራሹ ሲያጨበጭብ የተቀበላት አዳራሹ ነው፤ ያን ዕለት የመጣው ሕዝብ ክፉ ቢሆን ኖሮ ምን ልትሆን ነው? ደግሞ ለምጹ እስከ መጨረሻው ተደብቆ በድንገት የሚገለጥ ምሥጢር ይሆናል፤ ለምጽ ያለበት አንባቢ ፊቱ የታሪክ ማጠናቀቂያ ብልሃት ሲሆን ያያል። ከገጽ አንድ ጀምሮ ይታይ። እናቷ፣ የክፍል ጓደኞቿ፣ ባለ ሱቁ ሁሉም ያውቃሉ፤ የምትደብቀው ከማያውቋት ነው።

የሕክምናውን ነገር በአጭሩ ያዢ። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ሲጠፉ የሚመጣ ነው፣ በንክኪ አይተላለፍም፣ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝ ተመሳስሎ ይወጣል፤ በሁለቱም እጅና በአፍ ዙሪያ ማድረግሽ ትክክል ነው። ነጩ ቦታ በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል። ሐይቁ ዳር ለፎቶ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከወሰድሻቸው ኤስ.ፒ.ኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ያስፈልጋታል፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚደገም። በታሪኩ መጨረሻ አይዳን። ፍቅረኛ መጥቶ «ቆንጆ ነሽ» ስላላትም አይፈታ።

ጭምብሉን ትታ በፊት ቀለም ልትሸፍነው ብትሞክር ደግሞ፣ በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም በላብ ይወርዳል፤ ቀድሞ የሚሰነጠቀው በከንፈር ዳርና ዳር ነው፣ አፍ ስለማያርፍ። ልክ ልትደብቀው የፈለገችው ቦታ ላይ።

ልዩነትን በተመለከተ፣ ረቂቅሽን ባላየውም የብዙ ጸሐፊ ድክመት ገጸ ባሕርያትን እንደ ስም መጥሪያ መደርደር ነው። አንድ ሲዳማ፣ አንድ ወላይታ፣ አንድ ጉራጌ፣ አንድ መስማት የተሳነው፤ ከዚያ ማንም ምንም አያደርግም። ሐዋሳ ራሷ ይህን ትሰጥሻለች፤ አያት በሲዳምኛ ሲናገሩ የልጅ ልጅ በአማርኛ ትመልሳለች፣ ማንም አያስተረጉምም። ሁለት ሰው ምረጪና ዓለሙ እንዴት እንደሚገፋቸው በዕቃ አሳዪ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ተወዳዳሪ ካለ መድረኩ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ በተለመደው የ1 ለ12 ልክ (ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት) የመወጣጫው ርዝመት 7 ሜትር ከ20 ይሆናል። አዘጋጁ በ2 ሜትር ጣውላ ሊሸፋፍነው ሲሞክር ልጁ ምን ይላል? ከንፈር እያየች የምትከታተል ጓደኛ ካለች ደግሞ የምሕረት ጭምብል ለእሷ ግድግዳ ነው። ይህ ጓደኝነት ጭምብሉን ለማውለቅ ከጭብጨባ የተሻለ ምክንያት ይሰጥሻል፤ ልትነግራት የምትፈልገው ነገር አለና።

አንድ ሰው «ያቺ ገጸ ባሕርይ ነጭ ናት፣ አንቺ አትመስያትም» ማለቱ አይቀርም። ይህ በውጭም የቆየ ቁስል ነው። ቻካ ከምበርባች እ.ኤ.አ. በ2015 በየካቲት ወር በየቀኑ ጥቁር ኮስፕሌየሮችን የማሳየት ዘመቻ የጀመረችው ለዚሁ ነበር። ምሕረት ስልኳ ላይ ያን ብታገኝ ያሳምናል። ቆዳዋን ለማንጣት ወይም ለማጥቆር ግን አትሞክር፤ ልብሱ ይበቃል።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ቁልፉ ትዕይንት የጥገና ጠረጴዛው ጋ ይሁን። የማታውቀው ልጅ ክንፉ ተገንጥሎ ይመጣል፤ ማስቲሽ ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በፎም ጣት ሙጫ መቀባት ስለማይቻል ጋሻዋን ታወልቃለች። ልጁ የሚያየው ክንፉን ነው። አንቺም ስለ እጇ አንድ ቃል አትጻፊ።

አላሙራ_ሥር

እግዜር ይስጥልኝ። ክንፉን ወድጄዋለሁ፣ ገብቷል። የቀረኝ ጥያቄ፦ ለምን የሙጫ ሽጉጥ አትጠቀምም? ፈጣን አይደለም? ደግሞስ ክንፍ ከየት ጋ ነው የሚሰበረው?

ማስቲሽና_ካተር

መብራቱን በዚያ ሰዓት አጥፊው፤ ሽጉጡ ያለ መብራት አይሠራም። መብራት ቢኖርም የሙጫ ሽጉጥ ክብደት ላለበት መጋጠሚያ ደካማ ነው፣ አዳራሹ ሲሞቅም ይለሰልሳል።

ክንፍ የሚሰበረው ሥሩ ላይ፣ ከጀርባ ሰሌዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ርዝመቱ በሙሉ እዚያ ላይ ይጫናልና። ውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ዓይነት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ካልገባበት ማስቲሽ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ጠረጴዛውን ለነፋሱ ወደ በረንዳ ያወጡታል። ጓንት ታደርጋለች። አሮጌውን ሙጫ በካተር ትፍቃለች፣ ምክንያቱም በአሮጌው ላይ አዲስ አይዝም። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቱቦ ከክንፉ ወደ ሰሌዳው እንዲያልፍ አድርጋ ታስገባለች፣ ሁለቱንም ጠርዝ ትቀባለች፣ 10 ደቂቃ ትጠብቃለች። ንግግራቸው እዚያ ውስጥ ይግባ፤ ሌላ የሚሠሩት የላቸውም። ከዚያ ገጥማ በሁለት እጇ አጥብቃ ትጫነዋለች፣ ዙሪያውን በሰፊ ፕላስተር ታስራለች። ሙሉ ጥንካሬው የሚመጣው በማግስቱ ስለሆነ መድረክ እስኪደርስ ክንፉን ከሥር ደግፎ እንዲይዘው ትንገረው።